ጉልበትና ንዳድ፦ የሰውነት እንቅስቃሴና ሕመም በባሮ ዳር ታሪክ

የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያዘወትር ሰው ከሌላው ያነሰ ይታመማል ወይ የሚለው ጥያቄ በአሁኑ ዘመን የሚነሣው ባብዛኛው ቀኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚውለው ከተሜ ሲሆን፣ መልሱም የሚፈለገው ከሩጫ ሜዳና ከስፖርት ማዘውተሪያ ነው። ጥያቄው ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ግን መልኩን ይለውጣል፤ ምክንያቱም በዚያ ምድር ታሪክ ውስጥ በትከሻው ቡና ያወረደው ተሸካሚ፣ ከብቱን ተከትሎ ወቅት በመጣ ቁጥር ረጅም መንገድ የተጓዘው እረኛ፣ ታንኳ የቀዘፈውና ማሽላ የወቀጠው ሁሉ ሰውነቱን ከማንም በላይ ያንቀሳቀሰ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አገሩ በደገኛው ዘንድ የታወቀው በበሽታው ነበርና ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። «የሰውነት እንቅስቃሴ» ሲባል ጡንቻ ሠርቶ ጉልበት የሚፈጅበት ማናቸውም ተግባር፣ ሸክምም ሆነ እርሻ፣ ማለት ሲሆን፣ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» ግን ሰው ጤናውን ለመጠበቅ ብሎ፣ በዕቅድና በልክ፣ ደጋግሞ የሚሠራው ነው። የጋምቤላ የቀድሞ ታሪክ ከሞላ ጎደል የመጀመሪያው ታሪክ ነው።

የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ስትሆን፣ በስተምሥራቅ ገደሉን ወጥቶ የሚደረስባት ጎሬ ከ2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ቁልቁለት የአየር ጠባይን ብቻ ሳይሆን የበሽታንም ድንበር ይሠራል፤ ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመጨረስ ሙቀት ስለሚፈልግ ብርዱ በበረታበት ደጋ በወትሮው አይዘልቅም። ደገኛው ይህን ምክንያት ሳያውቅ ውጤቱን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የቆላውን ትኩሳት «ንዳድ» ብሎ የጠራው፣ ሰውነትን እንደ እሳት ስለሚያነድ ሲሆን፣ ከንዳድ ለማምለጥ የያዘው ደንብም ቀላል ነበር፤ ወደ ቆላ መውረድ በበጋ፣ ጉዳይ መፈጸም በቀን፣ ማደር ግን ወጣ ብሎ ከነፋሻው ቦታ። በዚህ ደንብ ውስጥ ስለ ሰውየው ጥንካሬ አንዲት ቃል አለመኖሯ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የሚጠየቀው የት እንዳደረና መቼ እንደወረደ እንጂ ምን ያህል ጉልበተኛ እንደሆነ አልነበረም። ሮናልድ ሮስ የወባ ተሕዋስ በትንኝ ውስጥ እንደሚያድግ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ አኖፊለስ የተባሉት የወባ ትንኞች በአብዛኛው በሌሊት የሚነክሱ መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ሲታይ የደገኛው ደንብ ከብዙ የሐኪም ምክር የማያንስ ጥበብ ሆኖ ይገኛል።

ደንቡን ያፈረሰው ወንዙ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተስማሙ። በመጨረሻ የተመረጠው ቦታ ከኢታንግ ይልቅ ጋምቤላ ሆነና ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 ሥራ ጀመረ፤ ሱዳን ነጻ እስክትወጣና ቦታው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር እስኪመለስ ድረስም በሱዳን ባለሥልጣናት እጅ ቆየ። የታሪክ ሊቁ ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ በሰፊው አጥንተውታል። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በዚህ በር ወጥቶ በባሮና በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይና ወደ ካርቱም ሲወርድ፣ ጨውና አቡጀዲ በአንጻሩ ወደ ላይ ይመጣ ነበር።

ችግሩ ባሮ ለእንፋሎት መርከብ የሚበቃ ውሃ የሚይዘው በክረምት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ መሆኑ ነበር። ደገኛው ከቆላ መራቅ የሚገባው ወቅት መርከብ የሚመጣበት ወቅት ሆነ። ነጋዴው፣ ጸሐፊው፣ መጋዘን ጠባቂውና ጭነት የሚያወርደው ወዛደር ሁሉ ዝናቡ መሬቱን ባጥለቀለቀበት፣ ትንኙ በየኩሬው በሚፈላበት ጊዜ በወንዙ ዳር ማደር ግድ ሆነባቸው። የንግዱ የዘመን አቆጣጠርና የጤናው የዘመን አቆጣጠር እንዲህ ፊት ለፊት የተጋጩበት ሌላ የኢትዮጵያ ገበያ ማግኘት ያስቸግራል።

የማጓጓዙ ሥራ ራሱ የጉልበት ፈተና ነበር። በቅሎ በደጋው መንገድ ላይ የነጋዴ አለኝታ ብትሆንም፣ የባሮ ቆላ የጸጸ ዝንብ የሚገኝበት አገር ስለነበረ ሸክሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ሊጣል አይችልም ነበር፤ ዝንቡ ወደ እንስሳት ደም የሚያስገባው ተሕዋስ ገበሬው «ገንዲ» የሚለውን፣ ከብትንም ጋማ ከብትንም አክስቶ የሚገድለውን በሽታ ያመጣል። ስለዚህ የሰው ትከሻ ከእንስሳ ጀርባ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። በፈረሱላ፣ ማለትም በአሥራ ሰባት ኪሎ ገደማ ልክ፣ የሚመዘነውን ቡና በጆንያ ተሸክሞ ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ሰው ከብርድ ወደ ሙቀት በጥቂት ቀን ውስጥ ይገባል፤ ሸክሙ ትንፋሹን ያፈጥነዋል፣ ሙቀቱ ያልበዋል። በሞቃት አየር ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊወጣው ስለሚችል ያን ያህል ውሃ መጠጣት አለበት፤ የሚጠጣውም ከመንገድ ዳር ምንጭና ኩሬ ነው። ትንኝ ደግሞ ወደ ሰው የምትሳበው በሚተነፍሰው አየር፣ በሰውነቱ ሙቀትና በላቡ ጠረን ነው። እንግዲህ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ሰውየውን ከበሽታ የሚከላከልለት ጋሻ መሆኑ ይቅርና፣ በሌላ መንገድ የበሽታውን በር የሚከፍትለት ነበር ማለት ይቻላል።

ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ሳይታይ ይቆያል። ይህ ማለት ተሸካሚው ወይም ነጋዴው ጉዳዩን ፈጽሞ፣ ገደሉን ወጥቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር በደህና ከተቀመጠ በኋላ ትኩሳቱ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ታዲያ «መንገድ ጎዳው» ቢል አይፈረድበትም። ድካምና ሕመም በዚህ ዓይነት አንድ ላይ ተቆራኝተው መታየታቸው፣ ጉልበተኛነት ከንዳድ የማያድን መሆኑን ሕዝቡ ቢያውቅም የድካሙን ድርሻ ከትንኟ ድርሻ ለይቶ እንዳያይ አድርጎታል። በደጋው ወሰን ላይ ሳይቀር ጉልበት ዋስትና እንዳልነበረ የሚያሳየው በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው ታላቁ የወባ ወረርሽኝ ነው፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል የሞተበት ይህ መቅሰፍት የመታው ከንጋት እስከ ምሽት ሞፈርና ቀንበር የሚገፋውን፣ በእንቅስቃሴ ረገድ ምንም የማይጎድለውን ገበሬ ነበር። የጎደለው የሰውነቱ መከላከያ ከተሕዋሱ ጋር ያለው የቆየ ትውውቅ ነበር።

ይህ ትውውቅ በሳይንሱ ቋንቋ የበሽታ መከላከል አቅም ይባላል። በወባ ረገድ የሚገኘው በሕፃንነት በተደጋጋሚ በመታመም ሲሆን፣ ዋጋውም በሕፃናት ሞት የሚከፈል ነው፤ ተርፎ ያደገው ሰው ግን ተሕዋሱን በደሙ ይዞ ሳይተኛ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። የጋምቤላ ነባር ነዋሪ የሆነው አኝዋ በባሮ፣ በጊሎና በአልዌሮ ወንዞች ዳር በቆሎና ማሽላ እየዘራ፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ዓሣ እያጠመደ ሲኖር፣ ከደጋ የወረደው እንግዳ በአጠገቡ ወድቆ የሚታየው በጉልበት ስለሚያንስ አልነበረም። በዚህ ላይ የዘር ውርስም አለ። «ዳፊ» የተባለው በቀይ የደም ሴል ላይ የሚገኝ ምልክት እንደ አኝዋና ኑዌር ባለው በአብዛኛው የናይሎቲክ ሕዝብ ዘንድ ስለማይገኝ፣ ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት በእነርሱ ላይ በቀላሉ አይገባም፤ አርምስትሮንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በኢትዮጵያ ሕዝቦች መካከል አነጻጽሯል። በዚያው ዓመት ከክራፍሱር ጋር ያሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ የጋምቤላን የፋልሲፓረም ወባ ከትንኞቹ ኑሮ ጋር አገናኝቶ የመረመረ ነው።

የኑዌር ሕዝብ ታሪክ በበኩሉ እንቅስቃሴ ከሕመም ጋር ያለውን ዝምድና በተለየ አቅጣጫ ያሳያል። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ምንም እንኳ ጥናቱን ያካሄደው ከድንበሩ ማዶ ቢሆንም፣ የኑዌር ዓመት በሁለት እንደሚከፈል ጽፏል፤ «ቶት» የዝናቡ ጊዜ፣ «ማይ» የደረቁ ጊዜ ነው። በቶት ሕዝቡ ከጎርፍ ከፍ ባለ መሬት ላይ ባሉ መንደሮች ይሰፍራል፤ በማይ ከብቱን ነድቶ ወደ ወንዝ ዳር የከብት ሰፈር ይወርዳል። የጂካኝ ኑዌር በምሥራቅ በኩል ወደ ጋምቤላ ዘልቀው በኖሩበት ምድርም ኑሮው የሚመራው በዚሁ ወቅታዊ ጉዞ ነው። እዚህ ላይ የሚጠቅመው በእግር መሄዱ ለጡንቻ የሚሰጠው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ጉዞው ሰውን በትክክለኛው ወቅት ከረግረግ የሚያወጣና ወደ ውሃ የሚያቀርብ መሆኑ ነው። ማታ ከብቱና ሰው አብረው በሚያድሩበት ትልቅ ክብ የሣር ቤት መሐል ኩበት እንደ ተቆለለ ሌሊቱን ሙሉ ይጨሳል፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሳል ያመጣል፣ ትንኙን ግን ያባርራል፤ ወጣቶቹም በኩበቱ አመድ ላይ ተኝተው፣ አመዱንም ተቀብተው ያድራሉ። ሳንባን የሚጎዳው ጭስ ደምን ከወባ ይጠብቃል፤ የሰው ልጅ ከሁለት ሕመም አንዱን የመረጠባቸው እንዲህ ያሉ ልማዶች በታሪክ ውስጥ ጥቂት አይደሉም።

ከሰው ሰፈር ርቆ መሄድም የራሱ አደጋ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የታየው የእንቅልፍ በሽታ፣ ማለትም የጸጸ ዝንብ ወደ ሰው ደም የሚያስገባው የገንዲ ዘመድ፣ በባሕርይው የሚያጠቃው ወደ ወንዝ ዳር ጫካ ለአደን፣ ለማርና ለዓሣ የሚዘልቀውን፣ ማለትም ከሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ነው።

በጉልበትና በበሽታ መካከል ያለው ግንኙነት በጣም መራራ ሆኖ የታየው ግን በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ነው። ደርግ ድርቅና ረሃብ የመታቸውን ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ የተነሡ ብዙዎች ወደ ጋምቤላ፣ በአቦቦና በባሮ አካባቢ፣ ተወሰዱ። ሰፋሪው የመጣው ከደጋ ነው፤ ከወባ ጋር ትውውቅ የለውም፤ ሰውነቱ በረሃብ ተጎድቷል፤ ሲደርስ የሚጠብቀው ሥራ ደግሞ ጫካ መመንጠር፣ ጎጆ መሥራትና የጋራ እርሻ ማረስ ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች የቱ የበለጠ እንደገደለ ለይቶ መናገር የዘመኑን ሁኔታ ማቅለል ይሆናል። አንድ ነገር ግን ከትንኟ ጠባይ መረዳት ይቻላል፤ በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ እንቁላሏን የምትጥለው ጥላ በሌለበት፣ ፀሐይ በሚያገኘው ትንንሽ ኩሬ ውስጥ ሲሆን፣ ጫካው ሲመነጠርና ለጭቃ የሚሆን አፈር ሲቆፈር የሚፈጠረው ኩሬ ይኸው ነው። ሰፋሪው በገዛ መጥረቢያውና በገዛ አካፋው ለትንኟ ቤት ይሠራላት ነበር።

እንግዲህ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ሕመም የዘመኑ ሳይንስ የሚለው ከዚህ ታሪክ ጋር ይጣላል ወይ ቢባል፣ ጥንቃቄ ተደርጎ ከተነበበ አይጣላም። ጄሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው የታወቀው ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ቲኬት የሚቆርጡት ሠራተኞች ከተቀማጮቹ ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንደሚያጋጥማቸው አሳየ። ዴቪድ ኒማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በተካሄደው የሎስ አንጀለስ ማራቶን ላይ ከ2,300 በላይ ሯጮችን ጠይቀው፣ ከሮጡት ውስጥ 12.9 በመቶው በሚቀጥለው ሳምንት ጉንፋን መሰል ሕመም እንደያዛቸው፣ ተለማምደው ካልሮጡት ግን 2.2 በመቶው ብቻ እንደታመሙ ዘገቡ፤ ከዚህም ልከኛ እንቅስቃሴ ሕመምን ይቀንሳል፣ ከልክ ያለፈው ግን ይጨምራል የሚል ሐሳብ ተወለደ። ኒማንና ሌሎች ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት 1,002 ሰዎችን ለአሥራ ሁለት ሳምንት ተከታትለው፣ በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች በጉንፋን የታመሙባቸው ቀኖች ከማይንቀሳቀሱት በ43 በመቶ ያነሱ መሆናቸውን ገለጹ። ይሁን እንጂ ከባድ ልምምድ የመከላከል አቅምን ያዳክማል የሚለው ክፍል በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ተተችቷል፤ ከሩጫ በኋላ የሚመጣው ሕመም የእንቅልፍ እጦት፣ የጭንቀትና በብዙ ሰው መካከል የመዋል ውጤት ሊሆን ይችላል ይላሉና። በሙከራ የተፈተኑት ጥናቶች ሲደመሩ ደግሞ እንቅስቃሴ የጉንፋንን ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ ክብደቱን ማቅለሉ ይበልጥ ይታያል። ዋናው ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የሚናገሩት ስለ ልብና ስለ ጉንፋን መሆኑ ነው፤ ለሰውነት እንግዳ የሆነ ተሕዋስ በትንኝ ምራቅ በቀጥታ ወደ ደም ሲገባ የሯጭ ሳንባ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ከዚህም ሌላ፣ በትርፍ ጊዜ በፈቃድ የሚደረግ እንቅስቃሴ ለልብ ጥሩ ሆኖ ሳለ በሥራ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚጫነው ከባድ ጉልበት ያንኑ ጥቅም እንደማይሰጥ በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል፤ ሸክም ያለበት ሰው ሲደክመው የማረፍ ሥልጣን የለውምና። የጎሬው ተሸካሚ ከለንደኑ ቲኬት ቆራጭ የሚለየው በዚህ ነው።

ዛሬ በጋምቤላ ከተማ ባጃጅ በየጎዳናው ይመላለሳል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ቀኑን በቢሮ ይውላል። በመላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው የማይተላለፉ በሽታዎች ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ማሳየቱ፣ የሞሪስ ጥያቄ ወደ ባሮ ዳርም መድረሱ እንደማይቀር ያመለክታል። ጉልበት ከተሕዋስ ያድናል ወይ የሚለው የቆየው ጥያቄ ግን ከመንገድ አልተነሣም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው የጊኒ ዎርም ታሪክ ነው። ጊኒ ዎርም በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ የውሃ ቁንጫዎች ውስጥ የሚኖር ትል ሲሆን፣ ሰው ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ሲጠጣ ወደ ሆዱ ይገባል፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ሜትር የሚደርሰው እንስት ትል ባብዛኛው በእግር በኩል ቆዳ ቀዶ ይወጣል። ታማሚው ትሉን በቀጭን እንጨት ላይ እየጠቀለለ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስባል፤ ቢቸኩልና ቢበጠስ ቁስሉ ያመረቅዛል። ሳምንታት የሚፈጀው ይህ ሕመም ሰውን ከእርሻና ከመንገድ ያስቀራል። ኢትዮጵያ የማጥፋቱን ዘመቻ ከጀመረች ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አንሥቶ፣ የበሽታው የመጨረሻ ምሽግ ሆነው የቆዩት የጋምቤላዎቹ ጎግና አቦቦ ወረዳዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ የተመዘገቡት 15 ታማሚዎች በአንድ ሰፊ እርሻ ለመሥራት ከሌላ አካባቢ የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ወጣቶችና ጉልበተኞች፣ ቀኑን በፀሐይ ሲሠሩ ውለው የተጠሙ፣ ያልተጣራ የኩሬ ውሃ የጠጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 አንድም ታማሚ ሳይመዘገብ ቆይቶ በ2020 እንደገና 11 ሰዎች ተገኙ፤ ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎችም ላይ መታየቱ ሥራውን አወሳስቦታል። የዘመቻው ሠራተኞች ለቤት የሚሆን የጨርቅ ማጣሪያ ያድላሉ፤ ወደ ጫካ፣ ወደ ዓሣና ወደ ማር ቆረጣ ለሚሄደው ሰው ደግሞ በአንገት የሚንጠለጠል፣ ጫፉ ላይ ማጣሪያ ያለበት ትንሽ ቱቦ ይሰጡታል፤ ሲጠማው ኩሬው ዳር ተንበርክኮ በእርሷ እንዲመጥ።